ክህነት፣ ሙያና ማዕረግ፦ ከከተማዋ ዳርቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ለዓምዱ የደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአያትና ከጀሞ፣ ማለትም የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከበዙባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የመጡ ናቸው። የሚበዙት ስለ ካህናት የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን የሚኖሩበትን አካባቢ ብቻ ጠቅሰናል፤ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ «በልማት ምክንያት ከአራት ኪሎ ተነሥተን ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመታት አልፈዋል። ንስሐ አባታችን ወላጆቼን የቀበሩ፣ ልጆቼን ያጠመቁ አዛውንት መነኩሴ ናቸው። ዛሬ እግራቸው ደክሞ እኛ ዘንድ ሊደርሱ አይችሉም፤ እኛም ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረን የምንጠይቃቸው በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በአጥቢያችን የሚያገለግሉ አንድ ቄስ የንስሐ ልጆቻቸው እንድንሆን ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ነገር ግን የድሮውን አባት ብተው እርግማን ያገኘኛል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ ባለቤቴ የራሱ ንስሐ አባት አለው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ንስሐ አባትዎን መቀየር ይችላሉ፤ ሳይነግሯቸው መለየት ነው የማይገባው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመን አንድ ንስሐ አባት ይይዛል፣ ለእርሱ ይናዘዛል፣ ቀኖናውንም ከእርሱ ይቀበላል። ካህኑ ስግደቱን፣ ጾሙንና ምጽዋቱን የሚመጥነው የተናዛዡን ዕድሜ፣ ጤና፣ የቤት ሁኔታና የቀደመ ሕይወት አውቆ ስለሆነ፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው የሚናዘዝ ሰው ልኩን የሚያውቅለት አባት ያጣል። የመኖሪያ መራቅ፣ የካህኑ ሕመምና እርጅና፣ ሞታቸው ወይም ከክህነት መሻራቸው በቂ ምክንያት ነው። የተሰጠኝ ቀኖና ከበደኝ ብሎ ቀለል አድርጎ የሚያዝ ካህን ማፈላለግ ግን በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ እንደሌለዎት ከደብዳቤዎ ይታያል።

ስለዚህ ወደ አራት ኪሎ አንድ ቀን ለዚሁ ጉዳይ ብለው ይሂዱ፤ ችግርዎን ያስረዱ፤ ጀምረው ያልፈጸሙት ቀኖና ካለ በግልጽ ይናገሩና በቡራኬ እንዲያሰናብቱዎ ይለምኗቸው። እርጅናቸውን የሚያውቁ አባት ልጆቻቸው በቅርብ የሚጠብቃቸው ካህን ማግኘታቸውን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይረግሙም። አዲሱን ካህን ሲይዙም ከማን እንደመጡና ስለምን እንደተለዩ ይንገሯቸው። አንዳንድ አንባቢዎች ከሩቅ ካሉት አባታቸው ጋር በስልክ ተናዝዘው እንዲቀጥሉ ፈቃድ ጠይቀውናል፤ ስልክ ለምክርና ለደኅንነት መጠያየቂያ ይበቃል፣ ኑዛዜ ግን ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብሎ በመስቀሉ እየባረከ ፊት ለፊት የሚፈጸም ነው። ከተሰናበቱ በኋላም አዛውንቱን በበዓል መጠየቅ፣ ጧሪ ከሌላቸውም መርዳት የልጅ ወግ ነው፤ አዲስ አባት መያዝዎ ይህን አያስቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መነኩሴ ሁሉ ካህን አይደለም። ምንኩስና የሕይወት መንገድ ነው፤ ቅስና ያልተቀበለ መነኩሴ ቢጸልይልዎና ቢመክርዎ እንጂ ኃጢአት አይናዝዝም። ቆብና ቢጫ ልብስ ያየ ሁሉ «አባ፣ ንስሐ አባት ይሁኑኝ» ከማለቱ በፊት ቅስና እንዳላቸውና የት እንደሚያገለግሉ በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። በአጥቢያዎ ያሉት ቄስ ግን በዚያው ስለሚቀድሱ ይህ አያሳስብዎም።

የባለቤትዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ ባልና ሚስት በአንድ ንስሐ አባት ሥር ቢሆኑ ይመከራል፤ አብረው ለመቁረብ ሲዘጋጁም ሆነ ሲጣሉ ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ አባት መኖሩ ይጠቅማል። በግድ የሚደረግ ነገር ግን አይደለም፤ ባለቤትዎ አባታቸውን ከወደዱና አባታቸውም በቅርብ ካሉ፣ እርስዎ ወደ እሳቸው መግባትም ይችላሉ።

ሌላም ነገር አለ። በድሮው ሰፈር ካህኑ እንግዳ አልነበሩም፤ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በመንገድ ሲያልፉ ይሰሙ ነበርና ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። አዲስ በተሠራ አጥቢያ ያሉ ጥቂት ካህናት ግን ብሎክ ከብሎክ የማይለይበት ሰፈር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛውን በሽተኛ ሊያውቁ አይችሉም። «ንስሐ አባታችን አይመጡም» ብለው ከጻፉልን ሰዎች አብዛኞቹ የብሎክና የቤት ቁጥራቸውን ነግረዋቸው እንደሆነ በደብዳቤያቸው አልጠቀሱም። ይንገሯቸው፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ቤቱን በጸበል እንዲረጩ፣ ልጆቹንም በስም እንዲያውቁ ይጥሯቸው።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ «በሰፈራችን የመብራት ምሰሶና በየአጥሩ ላይ ‹መሪጌታ› ከሚል ስም ጋር ስልክ ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ለመስተፋቅር፣ ለገበያ፣ ለዓይነ ጥላና ለመፍትሔ ሥራይ እንሠራለን ይላሉ። እኅቴ ወደ አንዱ ሄዳ ብዙ ብር ከፍላለች። ሰውየው ጥምጥም ጠምጥሟል፣ መስቀል ይዟል፣ ግእዝም ያነባል። ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው አገልግሎት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ንግድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው እውነተኞቹን መሪጌቶች ነው።

መሪጌታ የቅኔ ማኅሌቱ መሪ ነው። እዚያ ለመድረስ ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ከንባብ ቤት ከወጣ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ በዚያም ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን በዓመታት ድካም ይዘልቃል። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰውን ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ለይቶ ያጠናል። ቅኔ ቤት ገብቶ ግእዝ ይቀኛል፤ አቋቋም ቤት ገብቶ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ መዘመምን ይማራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ርቆ፣ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ ነው። ተመርቆ ሲወጣ በበዓል ዋዜማ ሌሊቱን ከቀኝ ጌታውና ከግራ ጌታው ጋር ቆሞ ማኅሌቱን ይመራል፤ ተማሪ ቢመጣለትም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በዚህ ሥራ ውስጥ መስተፋቅር የሚባል ነገር የለም።

እኅትዎን ያሳሳታት ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ መታየታቸው ይመስለኛል፤ በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የብዙዎቹ ግራ መጋባትም ከዚህ የሚመነጭ ነው። የመጀመሪያው ክህነት ሲሆን በአንብሮተ እድ፣ ማለትም ጳጳስ እጁን ጭኖ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሁለተኛው ሙያ ነው፤ ይህ በአብነት ትምህርት ቤት የሚገኝ ዕውቀት በመሆኑ ያለ ክህነትም ሊኖር ይችላል። ሦስተኛው ለሹመት ወይም ለክብር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። መሪጌታነት ሙያ ነው፤ መሪጌታው ቄስ ወይም ዲያቆን ሊሆን ይችላል፣ ምንም ክህነት የሌለው ሊቅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግእዝ ማንበብ ቢበዛ መማርን ያሳያል፤ ክህነትን አያረጋግጥም። ጥምጥምና የእጅ መስቀል ደግሞ ይህንንም አያሳዩም፤ ሁለቱም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሚገኙ የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ለማንም ይሸጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። ቀድሞ ብራና የሚፍቁ፣ መጽሐፍ የሚጽፉ፣ ሥዕል የሚሥሉ፣ ዕፅዋትም የሚያውቁ ደብተሮች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ክታብ እየጻፉና አስማት እየደገሙ የሚኖሩም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁልጊዜ ስታወግዝ ኖራለች፤ ሰው ግን በአንድ በኩል እየፈራቸው በሌላ በኩል በጨለማ ወደ እነርሱ ይሄድ ነበር። የዛሬዎቹ ለጣፊዎች የሚነግዱት በዚህ አሮጌ ፍርሃት ነው፤ አብዛኞቹ የዚያን ዘመን ደብተራ ትምህርት እንኳ የላቸውም። የዕፅዋት መድኃኒት ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ እርሱን የሚያውቅ ሰው «ገበያ እስብልሃለሁ» አይልም።

እኅትዎ ታመው ከሆነ የአጥቢያው ጸበል ያለ ክፍያ አለ፤ ሐኪም ቤቱም አለ፤ ሁለቱ አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጸበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት ብዙ ሕሙማን ጸበል እንጠመቃለን ብለው መድኃኒት ያቋርጡ ስለነበረ ነው። መድኃኒትህን ጣል የሚል ሰው፣ ጥምጥሙ የቱንም ያህል ቢነጣ፣ አይስሙት። ሰውየውን «በየትኛው ደብር ያገለግላሉ?» ብለው ይጠይቁት፤ የደብሩን ስም ከሰጠዎ ለጽሕፈት ቤቱ ደውለው ያጣሩ። የተወሰደው ገንዘብ ደግሞ የማታለል ጉዳይ ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ «የደብራችን አስተዳዳሪ ‹መልአከ ሰላም›፣ ሰባኪው ‹መጋቤ ሐዲስ›፣ ሌላው አባት ‹ሊቀ ኅሩያን› ይባላሉ። የእኔ ንስሐ አባት ግን ‹ቀሲስ› ብቻ ናቸው። የእነዚያ ቡራኬ ይበልጣል?»

መልስ፦ አይበልጥም። የክህነት ደረጃ ሦስት ነው፦ ዲቁና፣ ቅስናና ኤጲስ ቆጶስነት። ዲያቆን ያገለግላል፤ ቄስ ይቀድሳል፣ ያጠምቃል፣ ይናዝዛል፣ ይባርካል፤ ኤጲስ ቆጶስ በዚህ ላይ ክህነት ይሰጣል። ጠያቂው የጠቀሷቸው ሁሉ ቅስና ካላቸው በመሠዊያው ፊት እኩል ናቸው፤ የንስሐ አባትዎ «ይፍታ» ከአስተዳዳሪው «ይፍታ» አያንስም።

ማዕረጎቹ ቀድሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ንቡረ እድ ሲባል የአክሱም ጽዮን፣ ጸባቴ ሲባል የደብረ ሊባኖስ፣ ሊቀ ሥልጣናት ሲባል የአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሹም መሆናቸው ይታወቅ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ ለሰውየው በክብር መልክ ስለሚሰጥ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ «ሊቃነ» እና «መላእክት» ይገኛሉ። በእኔ አስተያየት የማዕረግ መብዛት ማዕረጉን አርክሶታል፤ ለሠላሳ ዓመት ድጓ ያስተማረው ሊቅና ትናንት ቢሮ የገባው ሠራተኛ አንድ ዓይነት አጠራር ሲኖራቸው ምእመኑ ማንን በምን እንደሚያከብር ይጠፋዋል። የጳጳሳቱን ማዕረግ በተመለከተ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን ከተሾሙት ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ሊቃነ ጳጳሳቱ በእስክንድርያ መንበር እየተሾሙ ከግብፅ ሲመጡ ኖረው፣ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነዋል።

አጠራሩ ካስቸገረዎ መነኩሴውን «አባ»፣ ባለትዳሩን ቄስ «ቀሲስ» ወይም «አባታችን» ቢሉ ማንም አይቀየምም። አሁንም «መምሬ» የሚሉ የገጠር እናቶች በየደብሩ አሉ፤ እሱም ያምራል።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ «የጎረቤታችን ልጅ ዲያቆን ነው። እናቴ በየቀኑ ‹ባርከኝ› እያለች መስቀል እንዲሰጣት ትጠይቀዋለች፤ ልጁ ይሽኮረመማል።»

መልስ፦ ልጁ ልክ ነው። በእጅ መስቀል መባረክ የቄስና ከእርሱ በላይ ያሉት ሥራ ነው፤ ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ መስቀል ቢይዝም በመንገድ ላይ አያሳልምም። ለእናትዎ ዲቁናውን የሚያከብሩት ትምህርቱን እንዲቀጥል በማገዝ እንደሆነ በጨዋ ቃል ይንገሯቸው።

ጥያቄ (ከአያት)፦ «አባቴ ዐርፎ ፍትሐት ሲደረግ ለካህናቱ ምን ያህል እንደሚሰጥ ዕድሩ አንድ፣ ጎረቤቱ ሌላ ነገሩን። ቤታችን ጸበል ሲረጭም በእጄ የነበረው ትንሽ ስለሆነ አፍሬ ሰጠሁ። ተመን አለው ወይ? ለመሆኑ ካህን ገንዘብ መቀበሉ ተገቢ ነው?»

መልስ፦ ጸጋው ተመን የለውም፤ ጸጋውን የሚያገለግለው ሰው ግን ይበላል፣ ይለብሳል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» የሚለው ቃል የተጻፈበት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10፣ ከሁለት ቁጥር በኋላ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ይናገራል። ሐዋርያው ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 መሠዊያውን የሚያገለግሉ ከመሠዊያው እንደሚካፈሉ ጽፏል። በአንጻሩ ሲሞን የተባለው ጠንቋይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ልግዛ ባለ ጊዜ ጴጥሮስ እንዴት እንደገሠጸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ይነበባል። በእነዚህ መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ነው፦ ጥምቀት፣ ኑዛዜና ቁርባን በክፍያ አይሰጡም፤ አገልጋዩ ግን በምእመናኑ ይኖራል።

ይህ ጥያቄ በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ አይነሣም ነበር፤ ምክንያቱም ካህኑ የሚያድረው በመሬት ነበር። አጥቢያው የሰሞን መሬት፣ ማለትም ለአገልጋዮቹ መተዳደሪያ የተመደበ መሬት ነበረው፤ አገልጋዩም ከዚያ ድርሻ ያገኝ ነበር፤ ብዙ የገጠር ካህናትም እንደማንኛውም ገበሬ ያርሱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አስቀረው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የከተማ አድባራት ይከራዩ የነበሩ ቤቶችን ወሰደ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያተረፋት ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ በሚባለው ደንብ የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ላይ የአጥቢያቸውን ገቢና ወጪ እንዲያስተዳድሩ ተደርጎ ነበር። መሬቱ ሲሄድ የካህናቱን ደመወዝ የተሸከመው ይህ ጉባኤ ነው። ያን ያቋቋሙት ፓትርያርክ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. መገደላቸውን ሳስብ፣ ወርኃዊ የአባልነት መዋጮውን እንደ ዕዳ የሚያየው ሰው ታሪኩን ቢያውቀው ኖሮ እላለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የቀብርና የፍትሐት አገልግሎት በብዙ አጥቢያዎች በሰበካ ጉባኤው የተወሰነ ክፍያ አለው፤ ይህን ከዕድሩም ከጎረቤትም ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ፣ ከፍለውም ደረሰኝ ይቀበሉ። የሰበካ ጉባኤ አባል መሆን በዚያን ቀን ከብዙ መንከራተት ያድናል፤ አዲስ ሰፈር ገብተው አምስት ዓመት ሳይመዘገቡ ቆይተው በሐዘን ቀን የሚመዘገቡ ቤተሰቦች ለካህናቱም ለራሳቸውም ችግር ይሆናሉ። ድኻ ሰው በገንዘብ ምክንያት ጸሎት ሊቀርበት አይገባም፤ ይህን ያደረገ ቢኖር ለአስተዳዳሪው፣ ካልሰሙም ለክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት ይነገር።

ቤትዎ ድረስ ለመጡት ካህን በእጅ የሚሰጡት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስጦታ በመሆኑ ልክ የለውም፣ ባይኖርዎም አያሳፍርም። ቅድሚያ ዋጋ የሚናገር ካህን ጥፋተኛ ነው። ለሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ የተጠየቀውን ያለ ቃል ከፍሎ ለካህኑ መስጠት ላይ ሲደርስ «ይነግዳሉ» የሚል ምእመንም ግን ትዝብት ውስጥ ይገባል። ደግሞም በአርባውና በሰማንያው ተዝካር ላይ ለድንኳንና ለድግስ በሚወጣው ብር ብዙ ነዳያን ይጠግቡ ነበር፤ ንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ ድግሱን አሳንሱ እንደሚሉዎ እገምታለሁ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ፣ የዕድር ዳኛ)፦ «በብሎካችን ዕድር ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም አሉ። በለቅሶ ቤት ካህናት ለጸሎት ሲገቡ እነርሱ ይውጡ ወይስ ይቀመጡ? መስቀል ይሳለሙ?»

መልስ፦ ይቀመጡ፤ ጸሎቱ ሲጀመር ሌላው ሲቆም አብረው ቢቆሙ ይበቃል። መስቀል ለማይሳለም ሰው አይቀርብለትም፤ ልምድ ያለው ካህን ይህን አይቶ ያልፋል። በሙስሊሙ ቤት ሐዘን ሲደርስም እንዲሁ ነው፤ ቀብሩ ፈጥኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ዕድሩ ድንኳን እስኪተክል አይጠብቅም፤ የጀናዛው ስግደት በኢማሙ ሲመራ ክርስቲያን ጎረቤት ፈንጠር ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ይሸኛል። ኢማም እንደ ቄስ በአንብሮተ እድ የሚሾም ካህን እንዳልሆነ፣ ስግደት የሚመራ የተማረና የታመነ ሰው መሆኑን ማወቅም ለዳኛ ይረዳል፤ «የእናንተ ቄስ» የሚለው አነጋገር አንዳንዶችን ቅር ያሰኛልና። የወንጌላውያኑን አገልጋይ ደግሞ «መጋቢ» ወይም «ፓስተር» ይበሏቸው። የሙስሊም ሥጋ፣ ድስቱንና ዕቃውን ጨምሮ፣ መለየቱን ዕድራችሁ ቀድሞም እንደሚያውቀው አልጠራጠርም።

ጥያቄ (ከቃሊቲ ወዲያ)፦ «ልጄን የጠየቃት ዲያቆን ነው፤ ወደፊት ቅስና መቀበል ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ‹ቄስ ሚስት ስትሆኚ ሌላ ሕይወት ነው› ብለው አስፈራሯት። ምን ምን ይጠበቅባታል? እሱስ ቀስሶ ቢያገባት አይሻልም?»

መልስ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም፤ ቀስሶ ማግባት አይቻልም። ዲያቆን አግብቶ ይቀስሳል፤ ከቀሰሰ በኋላ ጋብቻ የለም። ሁለቱም ድንግልናቸውን ጠብቀው በሥርዓተ ተክሊል፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው መጋባት አለባቸው። ፈት ወይም መበለት ያገባ ዲያቆን ለቅስና አይበቃም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 «የአንዲት ሚስት ባል» ያለው በእኛ ቤተ ክርስቲያን በጥብቅ ይጠበቃል፤ ሚስት ብትሞት ካህኑ መንኩሶ በክህነቱ ይቀጥላል፣ ሁለተኛ ካገባ ግን ክህነቱ ይፈርሳል። ኤጲስ ቆጶሳት ከመነኮሳት ስለሚመረጡ ልጅዎ የጳጳስ ሚስት የመሆን ሥጋት የለባትም።

ሽማግሌዎቹ ያሉት ውሸት አይደለም፤ አንድ በአንድ ቢያስረዷት ግን ይሻል ነበር። ቄስ በየተራው ሰሞነኛ ይሆናል፤ በዚያ ሳምንት ቤቱን ትቶ በቤተ ክርስቲያን ያድራል፣ ከመኝታም ይለያል። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ አገልጋይ በማይበዛበት በዳርቻ አጥቢያ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ሰባቱ አጽዋማት በቤቷ በሙሉ ይጾማሉ፤ በጾም ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ባለቤቷ እስከዚያ እህል አይቀምስም። የንስሐ ልጆቹ በሌሊት ይደውላሉ፤ ሰው ታመመ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ ተብሎ ይጠራል፤ የሰማውንም ምሥጢር ለእሷ አይነግራትም፣ እሷም አትጠይቀውም። ይህ የመጨረሻው ለአንዳንድ ሴቶች ከሁሉ ይከብዳል። ደመወዙ ትንሽ ስለሚሆን ልጅዎ የያዘችውን ሥራ እንዳትለቅ እመክራለሁ፤ የቄስ ሚስት ቤት ትዋል የሚል ሥርዓት የለም።

ልጅዎ ይህን ሁሉ ከእሱ አፍ ሰምታ ከተስማማች፣ ሁለቱም ንስሐ አባቶቻቸውን አንድ ላይ ያነጋግሩ፤ እሱም የዲቁና ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ፤ ጋብቻው የሚፈጸምበት ደብር ይህን ሳያይ ተክሊል አያዘጋጅም። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጣቸውን የጋብቻ ማስረጃ ይዘው በወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ይህን ያላደረጉ የካህናት ቤተሰቦች የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ሲፈልጉ ወይም የኮንዶሚኒየም ቤት ወደ ሁለቱ ስም ሊያዛውሩ ሲሉ ተቸግረዋል።